ከባርኔጣ መደርደሪያ እስከ ጭነት ክፍል፤ የእጅ ጓዝ ታሪክ በመንገደኞች አውሮፕላን

መንገደኛና ጓዝ ተለያይተው አያውቁም። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ አሞሌውንና ቡናውን በአጋሰስ ጭኖ ሲነሣ፣ ዕቃው ሁሉ በአንድ ዓይነት እጅ አይጠበቅም ነበር። ከባዱ ነገር ለአጋሰሱና ለጫኙ ይተዋል፤ ገንዘቡ፣ የታሸገ ደብዳቤው፣ የዕለት ስንቁና የጸሎት መጽሐፉ ግን ከትከሻው አይወርዱም። በዚህ አከፋፈል ውስጥ አንድ የጠራ ሐሳብ ይገኛል፤ ይኸውም ለሌላ ሰው በኀላፊነት የሚሰጠው ጓዝ አንድ ነገር፣ ባለቤቱ ራሱ የሚጠብቀው ዕቃ ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑ ነው።

የሲቪል አቪዬሽንም ሲጀመር ይህንኑ አከፋፈል ወረሰ። ከባዱ ጓዝ ተመዝኖና ደረሰኝ ተቈርጦለት ወደ ጭነት ክፍል ወረደ፤ ቀላሉ ዕቃ ከባለቤቱ ጋር ተሳፈረ። በሁለቱ መካከል የተሰመረው ድንበር ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየተሸረሸረ ሄዶ፣ ትናንት በጭነት ክፍል ይጓዝ የነበረው ሻንጣ ዛሬ ከመንገደኛው ራስ በላይ ተቀምጦ ይጓዛል። ከዚህ የተነሣውን ጣጣ በየዕለቱ በመሳፈሪያው በርና በመቀመጫዎቹ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ የሚቀበሉት የምድርና የበረራ ባልደረቦቻችን ናቸው።

ነገሩ የቦታ ጥበት ወይም የጨዋነት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ቀልድ ሊታለፍ በተቻለ ነበር። ዳሩ ግን እሳት በተነሣ ጊዜ ከመቀመጫው እስከ በሩ ያለው መንገድ ባዶ መሆኑና አለመሆኑ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ድንበሩ እንዴት እንደ ተሰመረና በእነማን ውሳኔ እንደ ፈረሰ መመርመር ለሙያችን የታሪክ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው ከተለዩት በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

ድንበሩ እንዴት ተሰመረ

በ1920ዎቹ ዓመታት የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዙ፣ ጉልበታቸውም አነስተኛ ስለ ነበረ፣ መንገደኛው ራሱ ከጓዙ ጋር ሚዛን ላይ ይወጣ ነበር። በዚያ ዘመን በእጅ የተያዘና ያልተያዘ ብሎ መለየት ለአብራሪው ብዙ ትርጉም አልነበረውም፤ ኪሎ የትም ቢቀመጥ ኪሎ ነውና።

ልዩነቱ በግልጽ የሕግ መልክ ያገኘው ኦክቶበር 12 ቀን 1929 በዋርሶ በተፈረመው ዓለም አቀፍ የአየር ማጓጓዣ ስምምነት ነው። ስምምነቱ አጓጓዡ ለተረከበው ጓዝ የጓዝ ደረሰኝ እንዲሰጥ ሲያዝ፣ መንገደኛው ራሱ የሚጠብቃቸውን ትንንሽ የግል ዕቃዎች ከዚህ ግዴታ ውጪ አደረጋቸው። የካሣውንም ልክ ለየብቻ ወሰነ፤ ለተመዘገበ ጓዝ በኪሎ 250 ፍራንክ፣ በመንገደኛው እጅ ላለው ዕቃ ደግሞ ለአንድ ሰው በጠቅላላው 5,000 ፍራንክ ሆነ። እንግዲህ የእጅ ጓዝ በሕግ ዓይን ሲወለድ ትንሽ፣ የግልና በባለቤቱ ጥበቃ ሥር ያለ ነገር ሆኖ ተወለደ ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ያወጣው ታሪፍም ይህንኑ መንፈስ ተከተለ። በነጻ የሚፈቀደው ጓዝ ለአንደኛ ማዕረግ 30 ኪሎ፣ ለቱሪስት ማዕረግ 20 ኪሎ ሲሆን፣ ከሚዛን ውጪ በእጅ እንዲያዙ የሚፈቀዱት ዕቃዎች በስም ተዘርዝረው ነበር። የሴት የእጅ ቦርሳ፣ ካፖርት ወይም ብርድ ልብስ፣ ዣንጥላ ወይም ከዘራ፣ ትንሽ ካሜራ ወይም መነጽር፣ በመንገድ ላይ የሚነበብ መጽሐፍና ጋዜጣ፣ የሕፃን ምግብና ማቀፊያ ቅርጫት በዝርዝሩ ውስጥ ይገኙ ነበር። ሻንጣ የሚባል ነገር በዚህ ዝርዝር ውስጥ እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

የአውሮፕላኑም አሠራር ከታሪፉ ጋር ይስማማ ነበር። በ1935 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ዳግላስ ዲሲ-3 ከመንገደኞቹ ራስ በላይ የነበረው መደርደሪያ ክዳን የሌለው ነበር፤ ስሙም እንደ ሥራው የባርኔጣ መደርደሪያ ይባል ነበር። ባርኔጣና ካፖርት ይችላል፤ ከዚያ የሚከብድ ነገር ሊሸከም አልታሰበም።

በአገራችን የነበረው ጅማሬ ትንሽ ለየት ይላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ሲያደርግ፣ አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 የተባሉት የዲሲ-3 ወታደራዊ ወንድሞች ነበሩ። መቀመጫዎቹ በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተከትለው የተዘረጉ አግዳሚዎች ሲሆኑ፣ ጭነቱ በመካከል በገመድ ታስሮ ይቀመጥ ነበር። ባለ ጓዙና ጓዙ ፊት ለፊት ተያይተው ይጓዙ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ ግን አንድ ነገር እርግጠኛ ነበር፤ በመካከል ያለው ዕቃ ሁሉ ተመዝኗል፣ በባለሙያ እጅም ታስሯል። የዛሬው የመንገደኞች ክፍል ይህ እርግጠኝነት የለውም።

ክዳኑና ጎማው

ኦክቶበር 26 ቀን 1958 ቦይንግ 707 ከኒውዮርክ ወደ ፓሪስ የመንገደኛ አገልግሎት ጀመረ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ቢ በተባለው የእርሱ ታናሽ ወደ ጄት ዘመን ገባ። ፍጥነቱና የመንገደኛው ብዛት ቢለወጥም የራስጌው መደርደሪያ ያው ክፍት መደርደሪያ ነበር። ጠጠር ያለ ዕቃ ከመቀመጫ ሥር ይገባል፤ ከላይ የሚቀመጠው ቀላል ነገር ብቻ ነው። የአየር መናወጥ ሲያጋጥም ክፍት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ከባድ ነገር የት እንደሚያርፍ ማንም ያውቅ ነበርና።

ጃንዋሪ 22 ቀን 1970 ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ወደ ለንደን ሥራ ሲጀምር ባለ ክዳን የራስጌ ማስቀመጫ ይዞ መጣ። መንገደኛው ይህን የመሰለ ሰፊና የተዋበ ክፍል ስለ ወደደው፣ ፋብሪካዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያንኑ መልክ ለጠባቦቹ አውሮፕላኖችም አበጁ። የክዳኑ መነሻ ሐሳብ ደኅንነትም ውበትም ነበር፤ በሁለቱም ረገድ ከክፍቱ መደርደሪያ እንደሚሻል አያጠራጥርም። ያልታሰበው ውጤት ግን ሌላ ነው። ክፍት መደርደሪያ ዕቃ ይወድቃል ብሎ ራሱ ይናገር ነበር፤ ክዳን ያለው ሣጥን ግን ሙላኝ የሚል ይመስላል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው እያንዳንዱ አውሮፕላን ከቀደመው የሰፋ ማስቀመጫ ይዞ መጣ፤ ሻንጣውም አብሮ አደገ።

በዚያው ዘመን ጎማ መጣ። በርናርድ ሳዶው የተባለ አሜሪካዊ የሻንጣ ፋብሪካ ሰው በ1970 ጎማ የተገጠመለትና በማሰሪያ የሚጎተት ሻንጣ አስቦ ሠርቶ፣ በ1972 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ይህ ሻንጣ ግን ትልቅና በአግድሙ የሚጎተት ስለ ነበረ ወደ መንገደኞች ክፍል የሚገባ አልነበረም። ወሳኙ ለውጥ የመጣው በ1987 ሲሆን፣ የፈጠረውም ከእኛው ሙያ የወጣ ሰው ነው። ሮበርት ፕላዝ የተባለ የአየር መንገድ አብራሪ ሁለት ጎማና ተስቦ የሚወጣ ረዥም እጀታ ያለው፣ ቆሞ የሚጎተት ትንሽ ሻንጣ ሠራ። በመጀመሪያ የሸጠውም ለአብራሪዎችና ለበረራ አስተናጋጆች ነበር። መንገደኛው ባለ ዩኒፎርሙ ሰው ያለ ሐማል፣ ያለ ድካም አዳራሹን ሲያቋርጥ አይቶ እኔስ ለምን ይቅርብኝ አለ። ስለዚህ የራስጌውን ማስቀመጫ ያጨናነቀውን ሻንጣ ለመንገደኛው ያስተዋወቅነው እኛ ራሳችን መሆናችንን በትሕትና መቀበል ይገባናል።

ጎማው ያመጣው ለውጥ ከሚታሰበው በላይ ነው። ቀድሞ የእጅ ጓዝን ልክ የሚወስነው የሰው ክንድ ነበር፤ የከበደው ሰው ራሱ ወደ ሚዛን ይሄዳል። ጎማ ከተገጠመ በኋላ ግን ባለቤቱ የሻንጣውን ክብደት የሚያውቀው ወደ ራስጌው ማስቀመጫ ሊያነሣው ሲሞክር ነው። ያን ጊዜም የበረራ አስተናጋጇን ይጠራል። ከራስ በላይ ሻንጣ ማንሣት ለትከሻና ለወገብ ጉዳት መንሥኤ መሆኑን ከማኅበራችን አባላት መካከል በአካሉ ያወቀ ጥቂት አይደለም።

ሕግም ወዲያው ከኋላ ተከተለ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ1987 አውጥቶ በ1988 ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ እያንዳንዱ አየር መንገድ በመንግሥት የጸደቀ የእጅ ጓዝ መርሐ ግብር እንዲኖረው፣ እንዲሁም ዕቃው ሁሉ በቦታው መቀመጡን ቢያንስ አንድ የበረራ ሠራተኛ ሳያረጋግጥ የመንገደኞች በሮች ሁሉ እንዳይዘጉ አዘዘ። በጃንዋሪ 1989 በእንግሊዝ አገር ኬግዎርዝ አጠገብ አንድ ቦይንግ 737-400 ወድቆ 47 ሰዎች ሲሞቱ፣ መርማሪዎቹ የራስጌ ማስቀመጫዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከመያዣቸው ተነቅለው በመንገደኞቹ ላይ መውደቃቸውን አረጋገጡ። የባርኔጣ መደርደሪያው የጭነት ክፍል ሥራ ይዞ ሳለ፣ አጥብቆ የሚይዘው አካል ግን ለዚያ ሥራ የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም።

ሚዛን የማያየው ኪሎ

ወደ ጭነት ክፍል የሚወርደው ሻንጣ ይመዘናል፤ ቁጥሩም በጭነት ሰነድ ላይ ይጻፋል። መንገደኛውና በእጁ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰቡት በአማካይ ክብደት ነው። አማካዩ ከእውነቱ ጋር እስከ ተስማማ ድረስ አሠራሩ ትክክል ነው፤ ሳይስማማ ሲቀር ግን አብራሪው የሚበርረው በወረቀቱ ላይ ያለውን አውሮፕላን ሳይሆን ሌላ አውሮፕላን ይሆናል።

ጃንዋሪ 8 ቀን 2003 በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ ቢችክራፍት 1900ዲ የተባለ ትንሽ አውሮፕላን እንደ ተነሣ ወድቆ የነበሩበት 21 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ለአደጋው ምክንያት ከሆኑት መካከል አንደኛው የጅራቱ መቆጣጠሪያ በጥገና ጊዜ በትክክል አለመስተካከሉ ሲሆን፣ ሁለተኛው የአውሮፕላኑ የክብደት ማዕከል ከተፈቀደው ወሰን አልፎ ወደ ኋላ መሸሹ ነበር። በሰነዱ ላይ ያለው ስሌት በጊዜው በጸደቀው አማካይ የተሠራ ነበር፤ አማካዩ ግን ከሰዉም ከጓዙም እውነተኛ ክብደት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ የአሜሪካው አስተዳደር አማካዩን ከፍ ሲያደርግ፣ ለእያንዳንዱ መንገደኛ የእጅ ጓዝ 16 ፓውንድ፣ ማለትም ከ7 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ፣ እንዲታሰብ ወሰነ።

ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። የአዲስ አበባ ቦሌ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። አየሩ የሳሳ በመሆኑ ሞተሩም ክንፉም የሚሰጡት ኀይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ይዞ ሊነሣ የሚችለው ክብደት በዝቅተኛ ቦታ ካለው ያንሳል። እስቲ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። 160 መንገደኞች እያንዳንዳቸው በአማካዩ ከታሰበው 4 ኪሎ ብቻ አብልጠው ቢይዙ፣ ትርፉ 640 ኪሎ ይሆናል። ይህም በሰነድ ላይ ያልተጻፉ ስምንት ጎልማሶች ተሳፍረዋል እንደ ማለት ነው። እያንዳንዱ መንገደኛ የእርሱን አራት ኪሎ ብቻ ስለሚያይ ድርጊቱ ኢምንት ይመስለዋል፤ ድምሩን የሚያየው ማንም የለም።

ታሪፍ፣ ፍተሻና እምነት

በመንገደኛው መፍረድ ቀላል ነው። ሆኖም ከአየር መንገዱ፣ ከመንግሥትና ከሕጉ የወጡት ውሳኔዎች ምን እንዳስተማሩት ማጤን ያስፈልጋል።

ከጃንዋሪ 1973 ጀምሮ በአሜሪካ፣ ቀስ በቀስም በዓለም ዙሪያ፣ የእጅ ጓዝ ሁሉ እንዲፈተሽ ሲታዘዝ፣ ምክንያቱ የአውሮፕላን ጠለፋ መስፋፋት ነበር። ፍተሻው የእጅ ጓዝን ይዘት በእጅጉ ተቈጣጠረ፤ መጠኑንና ክብደቱን መቈጣጠር ግን የፍተሻው ሥራ አልነበረም። በኦገስት 10 ቀን 2006 በእንግሊዝ አገር ፈሳሽ ፈንጂ በአውሮፕላን ለማፈንዳት የታቀደ ሤራ በተገለጠ ጊዜ፣ በአንድ ሌሊት ውሳኔ የእጅ ጓዝ ከሞላ ጎደል ታግዶ፣ መንገደኛው ፓስፖርቱንና መድኀኒቱን በላስቲክ ከረጢት ብቻ ይዞ እንዲገባ ሆነ። በራስጌ ይጓዝ የነበረው ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ጭነት ክፍል ሲወርድ የጓዝ ማመላለሻው ሥርዐት ሊሸከመው አልቻለም፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሻንጣዎች ከባለቤቶቻቸው ተለያዩ። እገዳው ላልቶ ዛሬም በብዙ አገር በሚሠራበት የ100 ሚሊ ሊትር ወሰን ተተካ። ከዚህ የምንማረው፣ የመንገደኞች ክፍል ከጭነት ክፍሉ ላይ ምን ያህል ሸክም አንሥቶ እንደ ኖረ ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ታሪፉ ነገሩን አባባሰው። በነዳጅ ዋጋ መናር የተጨነቀው አሜሪካን አየር መንገድ ከጁን 15 ቀን 2008 ጀምሮ በአገር ውስጥ በረራ ለመጀመሪያው የተመዘገበ ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በትከሻ የተያዘው በነጻ፣ ለአጋሰሱ የተሰጠው በክፍያ ሲሆን፣ መንገደኛው የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2014 በሰጠው ፍርድ፣ ክብደቱና መጠኑ ተገቢ የሆነ የእጅ ጓዝ ከጉዞው የማይነጠል ስለ ሆነ ተጨማሪ ዋጋ ሊጠየቅበት እንደማይገባ ወሰነ። ተገቢ የሚባለው መጠን ስንት እንደ ሆነ ግን አንድ ሆኖ አልተደነገገም። በ2015 ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር 55 በ35 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወጥ ልክ ሐሳብ ቢያቀርብም፣ ነባር ሻንጣችን ሊጣል ነው በሚል ከተነሣው ቅሬታ የተነሣ በዚያው ወር ተመልሶ ታጠፈ። በዚያው ዓመት የአውሮፕላን ፋብሪካ በኩል መልስ ሰጠ፤ ቦይንግ ቀድሞ አራት ሻንጣ በሚይዘው ቦታ ስድስት በጎናቸው የሚቆሙበትን ማስቀመጫ አወጣ። ልኩ እንዲያንስ ሲጠበቅ ሣጥኑ ሰፋ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የእምነት ጉዳይ አለ። ሲታ የተባለው የአየር ትራንስፖርት የመረጃ ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ በ2007 ከአንድ ሺህ መንገደኞች የወደ 19ኙ ጓዝ ይዘገይ፣ ይጎዳ ወይም ይጠፋ ነበር፤ በ2024 ቁጥሩ ወደ 6 ወርዷል። መሻሻሉ ትልቅ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ሻንጣው የጠፋበት ሰው የሚያስታውሰው የራሱን ሻንጣ እንጂ የዓለሙን አማካይ አይደለም።

በቦሌ የጓዝ መረከቢያ ፊት ለፊት ቆሞ የተመለከተ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ትርኢት ውስጥ ያገኘዋል። ወደ ዋሽንግተን የምትሄደው እናት ሻንጣ ከተፈቀደው ይበልጣል። ቤተ ዘመዱ ይሰበሰባል፤ ሻንጣው በመሬት ላይ ይከፈታል፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ የልጅ ልጅ ጥምቀት ልብሱ ይመረጣል። ከሻንጣው የወጣው ነገር ወደ ቤት አይመለስም፤ ወደ እጅ ቦርሳው ይዛወራል። ሚዛኑ አሁን ትክክል ይላል፤ አውሮፕላኑ ግን አንዲት ኪሎ አልቀለለችለትም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የዓመታት ድካሟን በጥቂት ሻንጣ ጠቅልላ የምትመለሰው እኅትም በእጇ የያዘችውን ለማንም የማታምንበት ምክንያት አላት። እነዚህን ሰዎች ከአውሮፕላኑ በር ላይ አስቁሞ መቆጣት ሥርዐት ማስከበር አይባልም። የተበላሸው ሥራ ቀድሞ በሚዛኑ ዘንድ ነው።

በሩ ላይ የሚደረገውም መፍትሔ የራሱ መዘዝ አለው። ማስቀመጫው ሞላ ተብሎ ሻንጣው በመጨረሻው ደቂቃ ሲወሰድ፣ መለያው በጥድፊያ ይታሰራል፤ የመነሻው ሰዓት ይገፋል፤ ባለቤቱም በውስጡ ያለውን መድኀኒት፣ ሰነድና ባትሪ ለማውጣት ፋታ አያገኝም። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የሚያሰጋ ነው፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ እንደምናየው ባትሪ ከሰው ዓይን ተሰውሮ መጓዝ የለበትም።

ዘጠና ሰኮንድ

ከ44 መቀመጫ በላይ ያለው አዲስ ዓይነት የመንገደኞች አውሮፕላን የብቃት ማረጋገጫ ሲሰጠው፣ ከመውጫዎቹ ግማሾቹ ብቻ እየሠሩ፣ በውስጡ ያለው ሰው ሁሉ በ90 ሰኮንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። ይህ ልክ በአሜሪካ ከ1967 ጀምሮ የጸና ነው። በሙከራው ጊዜ ጥቂት የእጅ ጓዝ፣ ትራስና ብርድ ልብስ በመተላለፊያው ላይ እንዲበተን ይደረጋል። ያልተፈተነው ነገር ግን መንገደኛው ቆሞ የራስጌውን ክዳን ከፍቶ፣ ሻንጣውን አውርዶ፣ እየጎተተ ወደ በሩ የሚሄድበት ሁኔታ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2000 ባወጣው ጥናት በ1997 እና በ1999 መካከል የተደረጉ 46 የድንገተኛ ማስወጣት ድርጊቶችን መርምሮ፣ የእጅ ጓዝ ከነበራቸው መንገደኞች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ይዘውት ለመውጣት መሞከራቸውን ገለጠ። ኦገስት 2 ቀን 2005 በቶሮንቶ አንድ ኤርባስ ኤ340 ከማኮብኮቢያው አልፎ በእሳት ሲጋይ 309ኙም ሰዎች በሕይወት ወጡ፤ ሆኖም ተዉ እየተባሉ ሻንጣቸውን ያወረዱት ብዙዎች ነበሩ። የካናዳ መርማሪዎችም በበረራ ማስታወቂያ ላይ የእጅ ጓዝን ትቶ መውጣት በግልጽ እንዲነገር ጠየቁ። ኦገስት 3 ቀን 2016 በዱባይ አንድ ቦይንግ 777 በማረፍ ላይ ሳለ ተከስክሶ ሲቃጠል፣ 300ዎቹ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ሁሉ ተረፉ። በውስጥ የተነሣው ተንቀሳቃሽ ምስል ጭስ በገባበት ክፍል ውስጥ ሰዎች የራስጌውን ክዳን ሲከፍቱ ያሳያል። አውሮፕላኑ ከቆመ ከ9 ደቂቃ በኋላ የነዳጅ ታንኩ ፈንድቶ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሕይወቱን አጣ፤ ካፒቴኑና የአስተናጋጆቹ ኀላፊ በዚያች ሰዓት ገና ከአውሮፕላኑ አልወጡም ነበር።

በእነዚህ አደጋዎች መንገደኞቹ ስለ ተረፉ ሻንጣው ጉዳት አላደረሰም ብሎ መከራከር ስሕተት ነው። ዕድል የሰጠውን ትርፍ ደቂቃ የአሠራር ብቃት አድርገን ልንቈጥረው አይገባም።

ተቃራኒውን ምሳሌ ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶክዮ ሃኔዳ አየን። የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ሲያርፍ ከባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ፤ በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። በትልቁ አውሮፕላን የነበሩት 379 ሰዎች ግን አንድም ሳይቀር ወጡ። የውስጥ ድምፅ ማጉያው አልሠራም፤ ከስምንቱ በሮች ያገለገሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሠራተኞቹ በጩኸትና በእጅ ድምፅ ማጉያ መሩ። የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ወደ 18 ደቂቃ ያህል ፈጀ። መንገደኞቹም ከሞላ ጎደል ሻንጣቸውን ትተው ነው የወጡት። በዚያች ሰዓት መተላለፊያው በሻንጣ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በሦስት በር ብቻ 379 ሰው ማውጣት ምን ሊመስል እንደሚችል ሙያው ያለው ሁሉ ይገነዘበዋል።

ባትሪው፣ ወይም የአሮጌው ሕግ መመለስ

ታዲያ የእጅ ጓዝን በሙሉ አግዶ ነገሩን መጨረስ አይቻልምን? አይቻልም፤ ምክንያቱም በእጅ ብቻ እንዲያዝ የግድ የሚሆን ዕቃ መጥቷል። መለዋወጫ የሊትየም ባትሪና ፓወር ባንክ በጭነት ክፍል ውስጥ ቢቀጣጠል የሚያየው ሰው ስለሌለ፣ ዓለም አቀፉ ደንብ ከመንገደኛው ጋር እንዲጓዝ ያዝዛል።

ከእጅ ጋር መሆኑ ግን ብቻውን አይበቃም። ጃንዋሪ 28 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ ጊምሄ ማረፊያ አንድ ኤርባስ ኤ321 ገና ሳይነሣ ከራስጌው ማስቀመጫ በተነሣ እሳት ተቃጠለ፤ በውስጡ የነበሩት 176 ሰዎች ወጡ። መንግሥት በማርች ወር እንዳስታወቀው ለእሳቱ መነሻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ የሆነው ፓወር ባንክ ነው። ከማርች 1 ቀን 2025 ጀምሮ የኮሪያ ደንብ ፓወር ባንክ በራስጌው ማስቀመጫ ውስጥ እንዳይቀመጥና መንገደኛው በቅርቡ እንዲይዘው አዘዘ። በ1929 ዋርሶ ላይ የተጻፈው ሐሳብ በዚህ ተመልሶ መጣ፤ የእጅ ዕቃ ማለት ትንሽ፣ የግልና ባለቤቱ በዓይኑ የሚጠብቀው ነገር ነው።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከላይ የተተረከው ታሪክ አንድ ነገር ያሳየናል። ክዳኑን ያመጣው ፋብሪካው፣ ጎማውን የእኛው ሙያ ሰው፣ ታሪፉን አየር መንገዱ ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያት ነበረው። ጠቅላላ ውጤቱ ግን በሚዛኑ ዘንድ መሠራት የነበረበት ሥራ ሁሉ ወደ አውሮፕላኑ በር፣ ከዚያም ወደ መተላለፊያው መገፋቱና በመጨረሻ በአንዲት የበረራ አስተናጋጅ ትከሻ ላይ ማረፉ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ከተገፋበት አቅጣጫ ተመልሶ መፈለግ አለበት። የእጅ ጓዝ ከሻንጣው ጋር በአንድነት፣ በአንድ ሚዛን፣ በጓዝ መረከቢያው ፊት ይመዘን፤ የተመዘነውም ምልክት ይደረግበት። ትርፍ የሆነው ዕቃ በዚያው ጊዜ፣ ባለቤቱ ባትሪውንና መድኀኒቱን አውጥቶ፣ በአግባቡ ወደ ጭነት ክፍል ይውረድ። የተመዘገበ ሻንጣን የሚያስቀጣ፣ በእጅ የተያዘን የሚሸልም ታሪፍ ከደኅንነት ጋር እንደሚጋጭ ለንግድ ክፍሉ ይነገረው። አማካይ ክብደቱም በየጊዜው በእውነተኛ ሚዛን ይፈተሽ። የአስተናጋጇ ድርሻ ማረጋገጥና ማዘዝ እንጂ ማንሣት አለመሆኑ በጽሑፍ ይደንገግ።

አንድ ነገር ግን በሚዛን አይፈታም። የሲራራው መንገደኛ ሽፍታ ሲመጣ ጭነቱን ትቶ ቢሸሽም፣ በትከሻው ያለውን አይጥልም ነበር፤ እርሱ ሕይወቱን የሚቀጥልበት ነበርና። በጭስ በተሞላ ክፍል ውስጥ ክዳኑን የሚከፍተው ሰውም ይህንኑ የአያቶቹን ልማድ ይከተላል እንጂ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አውሮፕላን ግን ከመንገዶች ሁሉ የሚለየው በዚህ ነው፤ በዘጠና ሰኮንድ ውስጥ የትከሻውም ዕቃ መተው አለበት። ይህን ለመንገደኛው በር ሲዘጋ በሚነበበው ማስታወቂያ፣ አስፈላጊም ሲሆን በታላቅ ጩኸት፣ በራሱ ቋንቋ ግልጥ አድርጎ መንገር የእኛ ሥራ ነው።